አያ ቢተው ለአንድ እግር ሲሟገት

እኔ የነገሩኝን ነው የምነግራችሁ። የነገሩኝ ሰዎችም እየሳቁ የሰሙ ናቸውና፣ በሳቁበት በሳቁበት ቦታ ትንሽ ትንሽ ሳይጨምሩ አልቀሩም፤ እኔም ብሆን ያገኘሁትን አልቀነስኩም።

ድሮ አያ ቢተው የሚባል ነገረ ፈጅ ነበር። ነገረ ፈጅ ማለት እንግዲህ፣ ራሱ መሟገት ለማይችል ሰው ተቀጥሮ ዳኛ ፊት የሚቆም ነው። የዘመኑ ነገረ ፈጆች ዱላ እየሰበቁ፣ መሬት እየደበደቡ፣ ነጠላቸውን እየወረወሩ ነበር የሚሟገቱት። አያ ቢተው ግን ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ቀጭን ነው። መፋቂያውን በአፉ እንደያዘ ሌላው ጮኾ ጮኾ እስኪደክመው ይጠብቅና፣ መፋቂያውን አውጥቶ አንዲት ቃል ይጥላል። መፋቂያው ከአፉ ሲወጣ የችሎቱ ሰው ሁሉ ሳሉን ይውጥ ነበር ይባላል። ከሙግቶቹ ሁሉ ደግሞ የአበጀ ዋሴን እግር ያህል የተወራለት የለም።

፩

አበጀ ዋሴ የደጃዝማች ስናማው አሽከር ነበር። ደጃዝማች አዲስ አዳራሽ ሲያሠሩ፣ የመካከሉን ምሰሶ አርባ ሰው ሆኖ ሲያቆም ገመዱ ተበጠሰና ምሰሶው አበጀ ላይ ወደቀ። ነፍሱ ተረፈች፤ ግራ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። በዚያ አገር ወግ፣ በጌታው ሥራ ላይ አካሉ የጎደለ ሰው ዕድሜ ልኩን በየወሩ ሦስት ቁና እህል ከጌታው ጎተራ ይሰፈርለታል። የጎተራው ቁልፍ ያለው ደግሞ የደጃዝማች ቤት ኃላፊ በሆኑት በአዛዥ ጓንጉል እጅ ነው። አዛዥ ጓንጉል የራሳቸውን እህል የሚሰጡ፣ ለሰው እህል ግን የሚሳሱ ሰው ነበሩ ይላሉ፤ የራሳቸውን ሲሰጡ ግን ያየ የለም።

አበጀ በክራንቹ እየተደገፈ ጎተራው በር ድረስ ሄዶ ቢለምናቸው፣ «ቀለብ በጦርነት ለቆሰለ ነው። ምሰሶ መች ጠላት ሆኖ ያውቃል?» ብለው መለሱት።

የሚካኤል ዕለት ነው ነገሩ የመረረው። ሊሳለም ቤተ ክርስቲያን ሄደ። በሩ ላይ የተደረደሩት ለማኞች አዩትና፣ ደግ ሰዎች ስለሆኑ፣ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት። አንዱማ ጆንያውን አንጥፎ «እዚህ ጥላ አለ፣ ወንድሜ» አለው። አበጀ ሳይሳለም ቤቱ ተመለሰ፤ ሦስት ቀንም ከማንም ጋር አልተነጋገረም። የሰው ፊት እሳት ነው የሚለውን ሲሰማ ነው ያደገው፣ ገና አሁን ግን ለበለበው።

በአራተኛው ቀን ሚስቱ ትሁኔ ተቆጣች። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። አንተ መናገር አታውቅበትም፤ የሚናገር ቅጠር» አለችው። እሱም ወደ ችሎቱ ሾላ ሄደ።

ሾላው ሥር ሦስት ነገረ ፈጆች ነበሩ። የመጀመሪያው ጉዳዩን ከመስማቱ በፊት በሬ እንዳለው ጠየቀው። ሁለተኛው ጉዳዩን ሰማ፤ ተከሳሹ አዛዥ ጓንጉል መሆናቸውን ሲሰማ ግን ድንገት ሆዱን ቆረጠውና እየሮጠ ወደ ጫካ ገባ። ሦስተኛው መፋቂያውን እያኘከ የሚስቀው አያ ቢተው ነው። «ስታሸንፍ ከመጀመሪያው ወር ቀለብህ አንድ ቁና ትሰጠኛለህ፤ እስከዚያ ምንም አልፈልግም» አለው።

በሬ ጠያቂው ጣልቃ ገባ። «ቅድሚያ የማይቀበል ነገረ ፈጅ የሥራውን ዋጋ የማያውቅ ነው፤ ተጠንቀቅ» አለው ለአበጀ።

አያ ቢተው መፋቂያውን አወጣ። «አስቀድሜ ከበላሁ እጠግባለሁ፤ የጠገበ ሰው ደግሞ ስለ ረሃብ ሲሟገት አያምርበትም።»

አበጀ ልቡ ወደደው፤ ግን ሰግቷል። «አያ ቢተው፣ ብንሸነፍስ?» ብሎ ጠየቀ።

«ያን ጊዜ ሚካኤል ደጅ አብረን እንቀመጣለን፤ አንተ እግርህን ታሳያለህ፣ እኔ እለምንልሃለሁ።»

አበጀ ምሰሶው ከወደቀበት ጀምሮ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

፪

ነገረ ፈጅ ዝም ብሎ አይቆምም። ባለጉዳዩ ራሱ ዳኛ ፊት ቆሞ፣ ነጠላውን አደግድጎ፣ «አፌ አፉ ነው» ማለት አለበት። ምርኩዝ መያዝ ክልክል ነው፤ ተደግፎ የሚናገር ሰው ዳኛ እንደናቀ ይቆጠራል። አበጀ መቆም ስለማይችል ነው ነገረ ፈጅ የቀጠረው፤ ነገረ ፈጅ ለመቅጠር ደግሞ መቆም አለበት።

ክራንቹን ተቀበሉት። አበጀ በአንድ እግሩ ተነሣ፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ጫፏ ላይ ወፍ እንዳረፈባት ቅርንጫፍ እየተወዛወዘ፣ «አፌ… አፉ… ነው» አለ።

አዛዥ ጓንጉል ግን ዘለው ተነሡ። «ዳኛ ይመልከትልኝ። ይሄ መቆም ነው? ሰው ቆመ የሚባለው በሁለት እግሩ ሲቆም ነው። ውክልናው ፈራሽ ነው።»

ዳኛው ጢማቸውን እያሻሹ ወደ አያ ቢተው ዞሩ። «ምን ትላለህ?»

«ጌታዬ፣ ያለውን እግር በሙሉ አቁሟል፤ የቀረውን አዛዥ ጓንጉል ያቁሙለት።»

፫

ውክልናው ሲጸናባቸው፣ አዛዥ ጓንጉል ቀጥለው የመጡት በወጌሻ ነው። ወጌሻው ከቤታቸው የሚበላ፣ ከድግሳቸው የማይጠፋ ሰው ነበር። «ይህ ሰው መጎዳት አለመጎዳቱን በሙያው ይመስክር» አሉ። ዳኛውም ፈቀዱ።

ወጌሻው አበጀን መሬት ላይ አስተኛው። ቀኝ እግሩን ይዞ ጎተተው፣ አጠፈው፣ ዘረጋው፣ በጣቱ አንኳኳው፣ ጆሮውን ጣል አደረገበት። ወደ ግራው ግን ዞር ብሎም አላየ። ከዚያ ተነሥቶ፣ «ይህ እግር እንከን የለውም። አጥንቱ ድንጋይ ነው፣ ጅማቱ ጠፍር ነው። እንዲህ ያለ እግር ይዞ ቀለብ መጠየቅ ነውር ነው» አለ። አዛዥ ጓንጉል በኩራት ዙሪያቸውን አዩ።

አበጀ ፊቱ ቀላ። የቀረችለትን አንዲት እግር ሲያመሰግኑለት እንዲህ ያፍራል ብሎ አስቦ አያውቅም።

አያ ቢተው ግን ወጌሻውን እጅ ነሣው። «እግዜር ይስጥህ፤ ስለቀረው እግር እውነቱን ተናግረሃል። እኛ የከሰስነው በሄደው ነውና፣ እሱንም ይዘህ ናና ደኅና መሆኑን አሳየን።»

፬

በሌላ ቀጠሮ አዛዥ ጓንጉል አዲስ ሐሳብ ይዘው መጡ። ሌሊቱን ሙሉ እንዳሰቡበት ያስታውቃሉ፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«እሺ፣ እግሩ ጎደለ እንበል። እጁስ? ሁለት ሙሉ እጅ አለው። ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ሞልቷል። ለምሳሌ ሸማኔ ይሁን። ሸማኔ መች ይቆማል? ቀኑን ሙሉ ጉድጓዱ ዳር ተቀምጦ መወርወሪያውን እየወረወረ ይውላል። ተቀምጦ መብላት እንጂ ተቀምጦ መሥራት አልፈልግም የሚለውን ሰው ደጃዝማች ለምን ይቀልቡ?»

ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነገሩ ደኅና መሰላቸው። አበጀም ራሱ ለአፍታ ያህል፣ እውነትም ለምን ሸማኔ አልሆንም ብሎ ነበር። ከችሎቱ ኋላ ተሰብስበው የነበሩት ሸማኔዎች ግን ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው በሳቅ ይንፈራፈራሉ። ሸማኔ ጉድጓድ ዳር የሚቀመጠው እኮ ሁለት እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ መርገጫውን በየተራ ሊረግጥ ነው። ግራ ሲረገጥ አንዱ ድር ይነሣል፣ ቀኝ ሲረገጥ ሌላው። ይህን የማያውቅ የሸማኔ ልጅ የለም፤ የአዛዥ ልጅ ነው የማያውቀው።

አያ ቢተው መፋቂያውን አወጣ። «አዛዥ አይፈረድባቸውም፤ ሸማ ሲለብሱ እንጂ ሲሠራ አይተው ስለማያውቁ፣ እግር በየት በኩል እንደሚገባበት የነገራቸው የለም።»

ከሸማኔዎቹ አንድ ሽማግሌ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «በአንድ እግር የተሠራ ሸማ ቢለብሱት እንኳ፣ ግማሹ ነጠላ ግማሹ ወንፊት ነው የሚሆንባቸው» አሉ። ያን ቀን ችሎቱ በሳቅ ምክንያት ተበተነ።

፭

አዛዥ ጓንጉል በሙግት እንዳልሆነላቸው ባዩ ጊዜ ሽማግሌ ላኩ። «እንታረቅ። አበጀ ሁለት እግር ነበረው፤ የጠፋው አንዱ ነው፣ ግማሹ ማለት ነው። ስለዚህ ከቀለቡም ግማሹን፣ አንድ ቁና ተኩል ልስጠው» አሉ።

እዚህ ላይ አበጀ ተፈተነ። ቤቱ ውስጥ የቀረው እህል ከእፍኝ አይበልጥም። ትሁኔ አቀርቅራ መሬቱን በጣቷ ትጭራለች፤ ተቀበል አትለው፣ አትቀበል አትለው። አንድ ቁና ተኩልም ቢሆን ከሚካኤል ደጅ ይሻላል ብሎ አፉን ሊከፍት ሲል፣ አጠገቡ የተቀመጠው አያ ቢተው ክንዱን ያዘው። ሽማግሌዎቹንም እንዲህ አላቸው፦

«ለአዛዥ ንገሩልኝ፤ የጎደለው እግሩ ነው፣ ሆዱ ሙሉውን አለ።»

፮

የሰፈሩ ሰው ደግሞ እየሳቀ መርዳት ጀመረ። አንድ አናጢ ከወይራ እንጨት ደኅና እግር ጠርቦ፣ በጠፍር አሥሮ ለአበጀ ሰጠው። አበጀ ቋ፣ ቋ እያለ መሄድ ለመደ። ይህን የሰሙት አዛዥ ጓንጉል በደስታ በቅሎ አስጭነው ችሎት መጡ።

«እነሆ ሁለት እግር አለው። ምስክርም አለኝ» አሉ። ምስክሩ አበጀን እንዲሰልል የላኩት አሽከራቸው ነው።

አሽከሩ ምሎ ተናገረ። «ማክሰኞ ዕለት ወንዙ ዳር ተደብቄ ሳየው ነበር። የእነ እንቶኔ ውሻ ወጣበት። ጌታዬ፣ ሮጠ። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፤ ሮጠ።»

«ከዚያስ?» አለ አያ ቢተው።

«ከዚያ… ውሻው ደረሰበት።»

«ከዚያስ?»

አሽከሩ አዛዡን አየ፣ መሬቱን አየ። ምሏልና መዋሸት ፈራ። «ከዚያማ ግራ እግሩን ነከሰው። ወዲያው ለቀቀና፣ ጥርሱ እንደታመመ ሁሉ አፉን መሬት ላይ እያሸ እያለቀሰ ሄደ።»

ዳኛው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። አዛዥ ጓንጉል፣ «ሮጠ ብሏል፣ ሮጠ ብሏል» እያሉ ይጮኻሉ።

አያ ቢተው በጣም አዝኖ ራሱን ነቀነቀ። «ውሻው እንኳ አንዴ ነክሶ እንጨት መሆኑን አወቀ፤ አዛዥ ግን ይኸው ስድስት ወር ሙሉ እየነከሱ ነው።»

፯

ለአዛዥ ጓንጉል የቀራቸው መሣሪያ ቀጠሮ ብቻ ሆነ። አንድ ጊዜ አመመኝ፣ አንድ ጊዜ ሰርግ ጠራኝ፣ አንድ ጊዜ በቅሎዬ ወለደች አሉ። በቅሎ እንደማትወልድ ለዳኛው የነገራቸው የለም፤ ወይም ሁሉም አዛዡን ፈርቷል። ሐሳባቸው ገብቷችኋል፤ አበጀ ወይ ይታክተዋል፣ ወይ ይርበዋል፣ ወይ ይሞታል። ሰባተኛ ቀጠሮ ሲጠይቁ አበጀ በልቡ አለቀሰ።

አያ ቢተው ግን ፈገግ አለ። «ቀጠሮውን አንቃወምም። የአገሩ ሕግ ብቻ ይጠበቅልን፤ ከሳሽና ተከሳሽ እስከ ቀጠሮው ቀን ቁራኛ ይሁኑ።»

ቁራኛ ማለት የሁለቱ ተሟጋቾች የነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ፣ ፍርድ እስኪሰጥ አብረው መዋል፣ አብረው ማደር፣ አብረው መብላት ነው። ትልልቅ ሰዎች ላይ ብዙ አይደረግም፤ ሕጉ ግን ሕግ ነው። ዳኛውም በቀጠሮው ታክቷቸው ነበርና፣ «ይቋጠር» አሉ።

አዛዥ ጓንጉል ደነገጡ። «እንዴት ተደርጎ! በእኔ ፈንታ አሽከሬ ይቋጠር።»

«በራሱ መቆም ላልቻለ ሰው ነው ሌላ የሚተካለት» አለ አያ ቢተው። «አዛዥም እግራቸው ጎድሎ እንደሆነ አይደብቁን፤ ለእሳቸውም ቀለብ እንጠይቅላቸዋለን።»

ተቋጠሩ፤ ማደሪያቸውም የከሳሹ የአበጀ ቤት ሆነ። አዛዥ በበቅሎ እንዳይቀመጡ ጫፉ አበጀ ላይ ነው። አበጀ ደግሞ ቋ አለና ቆመ፤ ቋ አለና ዐረፈ። ዳገቱ ላይ ሲደርሱ፣ ከወንዝ የሚመለሱ ሴቶች እንስራቸውን አውርደው ተቀምጠው ሳቁ። አበጀ እንዲያ ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚስቁት በእሱ እንዳልሆነ አውቆ፣ ዳገቱን ሆን ብሎ ትንሽ አረዘመው ይባላል።

ቤት ሲደርሱ ትሁኔ እንግዳ አክባሪ ናትና ቅቅል ጎመን በወጭት አቀረበች። አዛዥ ጎመኑን አዩ፣ ዙሪያውን አዩ። «እንጀራውስ የታለ?» አሉ።

«እርስዎ ጎተራ ነዋ፣ ጌታዬ» አለች ትሁኔ።

በማግስቱ ያንኑ ጎመን፣ ያንኑ ዳገት ቁልቁል። አዛዥ ጓንጉል አያ ቢተውን ከሩቅ ሲያዩት፣ «ኧረ ባክህ፣ እስከ መቼ ነው እንዲህ የምጎተተው?» ብለው ጮኹ።

«እኛ መች ቸኮልን ጌታዬ፤ ቀጠሮ የጠየቁት እርስዎ ነዎት።»

ሰባተኛው ቀጠሮ በሦስተኛው ቀን በአዛዡ በራሳቸው ልመና ተሰረዘ። ዳኛውም የአዛዡን ቂም ስለፈሩ፣ «ጎተራው የደጃዝማች ነው፣ ደጃዝማች ይፍረዱ» ብለው ነገሩን ወደ ላይ ገፉት።

፰

ቀለቡ እንደተፈረደ ያልተስማማ ተራኪ የለም። አበጀ እስኪሞት ድረስ ሦስት ቁናው አንድ ወር እንኳ አልተቋረጠበትም፤ አያ ቢተውም የመጀመሪያዋን አንድ ቁና ወስዷል። ሚካኤልም በመጣ ቁጥር አበጀ እንደ ማንም ሰው ተሳልሞ፣ ለነዚያ ደጋግ ለማኞች ከእህሉ ቆንጥሮ ሰጥቶ ይመለስ ነበር። እንዴት እንደተፈረደለት ግን እነሆ።

ደጃዝማች ስናማው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ነገር ቶሎ የማይዋጥላቸው ነበሩ። አዳራሹ በሰው ሞልቷል። አዛዥ ጓንጉል በስተቀኝ ቆመዋል። አበጀ በወይራ እግሩ፣ አያ ቢተው በመፋቂያው ገቡ። አያ ቢተው መፋቂያውን ሊያወጣ ሲል ደጃዝማች እጃቸውን አነሡ።

«ነገረ ፈጁ ዝም ይበል። የእሱን አፍ አገር ያውቀዋል። እኔ መስማት የምፈልገው እግሩ የጎደለውን ሰው ነው።»

አያ ቢተው እጅ ነሥቶ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። አበጀ ብቻውን ቀረ። ያችን የተመሰገነች ቀኝ እግሩን አስቀድሞ ወደ ፊት ተራመደ። ስምንት ወር ሙሉ ሌላ ሰው ነበር የተናገረለት።

ደጃዝማች ጎንበስ ብለው አዩት። «ስማ። በእኔ ሥራ እንደተጎዳህ አውቃለሁ። ለአንተ ሦስት ቁና መስጠት አይከብደኝም። የሚያስፈራኝ የሚከተለው ነው። ዛሬ ለአንተ ብሰፍር፣ ነገ ሌላው ቀለብ አማረኝ ብሎ እግሩን በድንጋይ ሰብሮ ይመጣብኛል። ከነገ ወዲያ ደግሞ ሌላው። አገሩ ሁሉ እየተንፏቀቀ ጎተራዬን ሲከብ አይታይህም?»

አዛዥ ጓንጉል፣ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አሉ። አበጀ ዞሮ አያ ቢተውን አየ። አያ ቢተው ጣሪያውን ያያል፤ መፋቂያውን ያኝካል።

አበጀ ወደ ደጃዝማች ተመለሰ። ነጠላውን አደገደገ፣ ሁለቱንም እግሩን ገጥሞ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ጌታዬ፣ በግዛትዎ ለሦስት ቁና እህል ብሎ እግሩን የሚሰብር ሰው ካለ፣ እሱ ከእኔ ይልቅ ርቦታልና፣ አስቀድመው ለእሱ ይስፈሩለት።»